ለሌዘር መረጃ መመዝገቢያ የሚሆን የኦርጋኒክ ማቅለሚያ ሽፋን አሠራር፦ ከቀለም ምርጫ እስከ እርጅና ፍተሻ

አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍባቸው ሲዲዎችና ዲቪዲዎች መረጃቸውን የሚይዙት ከፖሊካርቦኔት ሰሌዳቸውና ከሚያብረቀርቀው የብረት ሽፋናቸው መካከል በተቀባ እጅግ ስስ የኦርጋኒክ ማቅለሚያ ንጣፍ ላይ ነው። የጽሕፈት ጨረሩ ሲያርፍበት ማቅለሚያው ይግላል፣ ሞለኪውሉ ይፈራርሳል፣ የስብረት ቁጥሩም (ብርሃን ሲያልፍበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሳየው ቁጥር) ይወርዳል፤ አጠገቡ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ለስልሶ ቅርጹን በጥቂቱ ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ደካማ በሆነው የንባብ ጨረር ሲታይ ከዙሪያው ይልቅ ደብዛዛ ሆኖ ይገኛል፤ የመረጃው ምልክት የሚባለውም ይኸው ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ንጣፍ በቤተ ሙከራ መጠን ሠርቶ ለመፈተሽ ለሚፈልግ የኬሚስትሪ ወይም የፊዚክስ ተማሪና ተመራማሪ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አሽከርክሮ መቀቢያ መሣሪያ፣ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ የጭስ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛና በቫኪዩም ውስጥ ብረት የሚደርብ መሣሪያ መኖራቸውን ታሳቢ ያደርጋል።

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት ሊስተካከል የሚገባው አንድ ግምት አለ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቀለም የሌዘሩን ብርሃን አብዝቶ የሚመጥ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ያው ንጣፍ በጽሕፈት ጊዜ መጋል፣ በንባብ ጊዜ ደግሞ ብርሃኑን አሳልፎ ወደ ብረቱ ማድረስና መልሶ ማስወጣት ስላለበት፣ የሚፈለገው በሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ላይ ጥቂት ብቻ የሚመጥ ቀለም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ፣ የሞለኪውሉ ምርጫም ሆነ የሽፋኑ ውፍረት፣ የሚመዘኑት በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ሌዘሩን መወሰን

ሥራው ከማቅለሚያው ሳይሆን ከሌዘሩ ይጀመራል። ለሲዲ 780 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር፣ ለብሉ ሬይ ደግሞ 405 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያላቸው ሌዘሮች ያገለግላሉ፤ ጨረሩን የሚሰበስቡት ሌንሶችም በቅደም ተከተል 0.45፣ 0.60 እና 0.85 የቁጥር ክፍተት (ሌንሱ ብርሃንን አጥብቦ የመሰብሰብ አቅሙን የሚያሳይ ቁጥር) አላቸው። የሞገድ ርዝመቱን ለቁጥር ክፍተቱ እጥፍ በማካፈል የጨረሩ ነጥብ ስፋት በግምት ሲሰላ ለሲዲ 870፣ ለዲቪዲ 540፣ ለብሉ ሬይ ደግሞ 240 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል። በቤተ ሙከራው ያለው ሌዘር ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የማይገጥም ከሆነም ችግር የለውም፤ የሞገድ ርዝመቱን በትክክል ማወቅና ቀለሙን ለእርሱ መምረጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ማቅለሚያ ለአንድ የሞገድ ርዝመት ተሠርቶ ለሌላው እንደማያገለግል የመጀመሪያዎቹ የዲቪዲ ማጫወቻዎች በግልጽ አሳይተዋል። የሚጻፍበት ሲዲ በጃፓኑ ታይዮ ዩደን ኩባንያ በ1988 ለዓለም ሲቀርብ ማቅለሚያው የተመረጠው ለ780 ናኖሜትር ነበር፤ ያው ቀለም 650 ናኖሜትር የሆነውን ቀይ ብርሃን በብዛት ስለሚመጥ፣ ቀይ ሌዘር ብቻ የነበራቸው ማጫወቻዎች እንዲህ ያለውን ሲዲ ማንበብ አቃታቸው፤ አምራቾችም ለሲዲው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሌዘር መጨመር ነበረባቸው። በፋብሪካ ታትሞ የሚወጣው የሙዚቃ ሲዲ ማቅለሚያ ስለሌለው ይህ ችግር አልነካውም።

ማቅለሚያውን መምረጥ

የሚፈለገው ቀለም ዋና የመምጠጫ ከፍታው ከሌዘሩ የሞገድ ርዝመት አጠር ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ሌዘሩ የሚያርፈው ከፍታው ወደ ረጅሙ ሞገድ በሚወርድበት ትከሻ ላይ ነው። በዚህ ትከሻ ላይ ሁለት ጥቅሞች ይገናኛሉ። መምጠጡ ቀንሷል፤ የስብረት ቁጥሩ ግን በመምጠጫው ከፍታ አቅራቢያ በሚፈጠረው ያልተለመደ የስብረት ባሕርይ ምክንያት ከ2 በላይ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሞለኪውሉ ሲፈራርስ ይህ ከፍተኛ ቁጥር ወደ ተራ ፕላስቲክ ቁጥር ስለሚወርድ፣ በተጻፈበትና ባልተጻፈበት ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ጉልህ ይሆናል። ለ405 ናኖሜትር የሚሠራ ሰው ግን ነገሩ እንደሚወሳሰብ ማወቅ አለበት፤ በዚህ አካባቢ ጠባብና ጠንካራ መምጠጥ ያላቸው ሞለኪውሎች ጥቂት ናቸው፤ በማቅለሚያ የተሠሩት የብሉ ሬይ ዲስኮችም ሲጻፍባቸው ነፀብራቃቸው በመቀነስ ፈንታ እንዲጨምር ሆነው የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሙከራ 780 ወይም 650 ናኖሜትር ይመረጣል።

በተግባር የተፈተኑት የማቅለሚያ ቤተሰቦች ሦስት ናቸው። ሲያኒን የሚባለው ናይትሮጅን ባለባቸው ሁለት ቀለበቶች መካከል የተዘረጋ የካርቦን ሰንሰለት ያለው ሲሆን፣ ሰንሰለቱ በሁለት ካርቦን በረዘመ ቁጥር የመምጠጫ ከፍታው 100 ናኖሜትር ገደማ ወደ ረጅሙ ሞገድ ይሸሻል፤ ስለሆነም ባለ አምስት ካርቦን ሰንሰለቱ ለሲዲ፣ ባለ ሦስቱ ደግሞ ለዲቪዲ ይስማማል። በቀላሉ ይሟሟል፣ ለስላሳና ወጥ ሽፋን ይሰጣል፣ የጽሕፈት ኃይሉ ትንሽ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ይታገሣል፤ ድክመቱ ብርሃን ነው። ፍታሎሲያኒን በቅጠል ውስጥ ካለው ክሎሮፊል ጋር በአወቃቀር የሚዛመድ ሰፊና ጠፍጣፋ ቀለበት ሲሆን ብርሃንን እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ነገር ግን በጎኑ ምንም ያልታከለበት ፍታሎሲያኒን በየትኛውም ተራ አሟሚ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ ሞለኪውሎቹም እርስ በርስ ይደራረባሉ። ይህንን ለመከላከል ቅርንጫፋቸው የበዛ የአልኮክሲ ጭራዎች የታከሉበት ዓይነት መፈለግ ያስፈልጋል፤ የጽሕፈት ኃይሉም በጠባብ ወሰን ውስጥ መያዝ አለበት። ሦስተኛው ቤተሰብ ከብረት ጋር የተሳሰረ አዞ ማቅለሚያ ነው፤ ብረቱ ሞለኪውሉን አጽንቶ ስለሚይዘው ብርሃንን ይቋቋማል፤ ጥልቅ ሰማያዊ ገጽታ ያላቸው የሚጻፍባቸው ዲስኮችም ቀለማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዓላማው ይወሰናል። የአሠራሩን ስልት ለመልመድ ሲያኒን ይመረጣል፤ ብርሃን ሲነካው ቶሎ መበላሸቱ ራሱ ለእርጅና ፍተሻው ደረጃ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ለረጅም ዕድሜ የሚሠራ ሰው ግን ከፍታሎሲያኒን ወይም ከአዞ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ማቅለሚያው ሲገዛ ከስሙ ባልተናነሰ ሁኔታ መታየት ያለበት ተጓዳኙ አዮን ነው። ሲያኒን የፖዘቲቭ ሙላት ያለው ጨው በመሆኑ ሁልጊዜ ከአንድ ኔጌቲቭ አዮን ጋር ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠውም በአዮዳይድ መልክ ነው። አዮዳይዱ ከላይ የሚደረበውን የብር ሽፋን ስለሚጎዳና ሟሚነቱንም ስለሚቀንስ፣ በቴትራፍሎሮቦሬት ወይም በሄክሳፍሎሮፎስፌት አዮን የተተካውን ዓይነት መግዛት ይመረጣል። ፐርክሎሬትም ለሥራው ይስማማል፤ ይሁን እንጂ ደረቅ የኦርጋኒክ ፐርክሎሬት ጨው በሙቀትና በፍትጊያ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ልምድ በሌለበት ቤተ ሙከራ ባይገባ ይሻላል። ከዚህ በተጨማሪ ማቅለሚያው በሙቀት ሲፈራርስ ምን ዓይነት ባሕርይ እንደሚያሳይ በሙቀት ክብደት መለኪያ መታየት አለበት፦ ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ በጠባብ የሙቀት ልዩነት ላይ በድንገት ክብደቱን የሚጥል ቀለም ጠርዙ የተቆረጠ ምልክት ሲሰጥ፣ ቀስ እያለ የሚበሰብሰው ደግሞ ዳርቻው የተዝረከረከ ምልክት ይሰጣል።

ሙሙቱን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ ማቅለሚያውን የሚያሟማ፣ ፖሊካርቦኔቱን ግን የማይነካ ፈሳሽ ማግኘት ነው። ክሎሮፎርምና ዳይክሎሮሜቴን ፖሊካርቦኔትን ያሟሙታል፤ አሴቶን ደግሞ ያብጠዋል፣ ገጹንም አጉድፎ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል። ለሲያኒንና ለአዞ በብዛት የሚያገለግለው 2፣2፣3፣3 ቴትራፍሎሮፕሮፓኖል ነው፤ የመፍያ ነጥቡ 109 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ለማሽከርከር በቂ ጊዜ ይሰጣል፣ ፕላስቲኩንም አይጎዳም። ጭራ ለታከለበት ፍታሎሲያኒን እንደ ሜቲልሳይክሎሄክሴን ያለ ፖላር ያልሆነ ፈሳሽ ይስማማል። የትኛውም አሟሚ ከመወሰኑ በፊት አንድ ጠብታው በባዶ ፖሊካርቦኔት ላይ ተደርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያም ቦታው ወደ መብራት አጋድሎ ይታያል። የጠብታው ዳርቻ እንደ ቀለበት ከቀረ ወይም ነጭ ጭጋግ ከታየ ያ አሟሚ አይሆንም።

ቴትራፍሎሮፕሮፓኖል ተቀጣጣይ ነው፤ እንፋሎቱ ለመተንፈሻ አካል ጎጂ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስለሆነም ሥራው በሙሉ በጭስ መሳቢያ ሥር፣ በዓይን መከላከያና በተገቢ ጓንት ይከናወናል፤ ትርፉም ወደ መታጠቢያ ሳይደፋ ሃሎጅን ላለበት ቆሻሻ በተለየ ዕቃ ይጠራቀማል።

ለመነሻ በ50 ሚሊ ሊትር አሟሚ ውስጥ 1 ግራም ማቅለሚያ ይጨመራል፤ ይህም በሊትር 20 ግራም መሆኑ ነው። ዕቃው በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ በማግኔት መበጥበጫ ለአንድ ሰዓት ያህል ይበጠበጣል። አለመሟሟቱ ከታየ ማሞቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ሲሞቅ የሟሟው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ሊዘቅጥ ስለሚችል፣ በክፍል ሙቀት ሌሊቱን አሳድሮ ከሥር ዝቃጭ አለመኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። በመጨረሻም ሙሙቱ 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው የቴፍሎን ማጣሪያ በስሪንጅ ተገፍቶ ይጣራል። ይህን ማጣራት ማለፍ የለመደ ሰው ጥፋቱን የሚያየው በሚቀጥለው ደረጃ ላይ ነው።

ሽፋኑን አሽከርክሮ መቀባት

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በመስታወት ስላይድ ላይ፣ ቀጥሎም ለስላሳ በሆነ ፖሊካርቦኔት ላይ ይሠራሉ፤ ሌዘሩ ተከትሎ የሚሄድበት ጥቅልል ቦይ የተቀረጸበት የዲስክ ሰሌዳ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሌዳው በአዮን በተሞላ አየር ወይም በንጹሕ ናይትሮጅን ይነፋል፤ በጨርቅ መወልወል ግን ፕላስቲኩን በኤሌክትሪክ ሙላት እየሞላ አቧራ ስለሚጠራበት አይመከርም።

ሰሌዳው በመሣሪያው ላይ ተጣብቆ በደቂቃ 300 ዙር ሲሽከረከር፣ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ሙሙት በውስጠኛው ራዲየስ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ይፈስሳል። ቀለበቱ እንደተዘጋ ፍጥነቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ 2,000 ዙር ከፍ ይላል፤ በዚያው ለ30 ሰከንድ ይቆያል። የሽፋኑ ውፍረት ከፍጥነቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ስለዚህ ውፍረቱን በግማሽ ለመቀነስ ፍጥነቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ሰፊ ለውጥ ሲፈለግ የሙሙቱን ይዘት መቀየር፣ ለጥቂት ማስተካከያ ደግሞ ፍጥነቱን መቀየር ይቀላል። የመነሻው ግብ 100 ናኖሜትር ነው። ቦይ ባለው ሰሌዳ ላይ ፈሳሹ ወደ ቦዩ ስለሚወርድ ሽፋኑ በቦዩ ውስጥ ወፍራም፣ በሁለት ቦዮች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ደግሞ ስስ ሆኖ ይደርቃል። ይህ እንከን አይደለም፤ እንዲያውም ጽሕፈቱ በቦዩ ውስጥ የሚካሄደው በዚሁ ነው።

የሽፋኑ ጉድለቶች በዓይን ስለሚታዩ ሠሪው ሊማራቸው ይገባል። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሮጥ ባለ ጭራ ሰረዝ ከታየ በነጥቡ ላይ ያልሟሟ ቅንጣት ወይም አቧራ አለ፤ መፍትሔውም ሙሙቱን እንደገና ማጣራት ነው። ከመሐል እስከ ዳር የተዘረጉ ብዙ ቀጫጭን ጨረሮች የሚታዩ ከሆነ አሟሚው በፍጥነት እየተነነ ነው፤ የፍጥነቱን ከፍታ ማዘግየት ወይም መቀቢያውን ከፊል ክዳን ማድረግ ይረዳል። ወተት መሰል ጭጋግ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ስላሉት ሰውን ያሳስታል። አንደኛው እርጥበት ነው፦ አሟሚው ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት ጠል ሆኖ ይቀመጥበታል፤ ይህ የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲደረግ ይጠፋል። ሁለተኛው የማቅለሚያው ክሪስታል መሥራት ነው። ለመለየት ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሥር በተቋረጡ ሁለት ፖላራይዘሮች መካከል ይታያል፤ ወጥ ሽፋን ጨለማ ሆኖ ሲቀር ክሪስታል ያለበት ግን በጨለማው ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል። ክሪስታል የሚሠራ ማቅለሚያ በማንኛውም የማሽከርከር ዘዴ አይስተካከልም፤ ወይ ከተመሳሳይ ቤተሰብ ሌላ ቀለም ጋር ማቀላቀል፣ ወይ ጭራው የረዘመውን ዓይነት መፈለግ ነው የሚያዋጣው።

ማድረቅና መለካት

ሽፋኑ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ በማድረቂያ ምድጃ ይቆያል። ፖሊካርቦኔት የሚለሰልሰው ወደ 147 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሆነ ይህ ሙቀት አያሰጋውም፤ በውስጥ የቀረ አሟሚ ግን በጽሕፈት ጊዜ አረፋ ሆኖ ይወጣል።

ከዚያ የሚቀጥለው ከደረጃዎቹ ሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት የሚገባው ነው፦ የሽፋኑን መምጠጥ መለካት። በሙሙት የተለካ ቁጥር እዚህ አያገለግልም። በደረቁ ሽፋን ውስጥ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚጠጋጉ መምጠጫው ይሰፋል፤ ፊት ለፊት ሲደራረቡ ከፍታው ወደ አጭሩ ሞገድ፣ በተርታ ሲደረደሩ ደግሞ ወደ ረጅሙ ሞገድ ይሸሻል። በሙሙት 680 ናኖሜትር ላይ የነበረ ከፍታ በሽፋኑ ከዚያ ርቆ ሊገኝ ይችላል፤ በዚህም ለሲዲ የታሰበ ቀለም ሳይታሰብ ሌዘሩ ላይ ቁጭ ሊል ይችላል። ስለዚህ በመስታወቱ ላይ ያለው ናሙና ከ350 እስከ 850 ናኖሜትር ይለካል፤ ውፍረቱም በመርፌ ጭረት ተደርጎበት በገጽታ መለኪያ ይወሰዳል።

ከሁለቱ ቁጥሮች የሽፋኑ የመምጠጫ ቁጥር እንዲህ ይሰላል። በ780 ናኖሜትር ላይ የተለካው ምጠት 0.04፣ ውፍረቱም 100 ናኖሜትር ነው እንበል። 0.04 በ2.303 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 0.00092 ይመጣል፤ ይህ በ780 ተባዝቶ ለ12.57 (ለፓይ አራት እጥፍ) ሲካፈል ውጤቱ 0.057 ነው። ከ0.03 እስከ 0.07 ባለው ክልል ውስጥ ያረፈ ቁጥር ለሥራው ይስማማል። ከገጹ ተመልሶ የጠፋው ብርሃን በመሣሪያው ዘንድ እንደ ተመጠጠ ስለሚቆጠር፣ ምጠቱ እንዲህ ትንሽ በሆነበት ቦታ ስሕተቱ ቀላል አይደለም፤ የነፀብራቅ መለኪያ ያለው ሰው ያንን ለይቶ ይቀንስ።

ቁጥሩ ስለምን እንዲህ ትንሽ መሆን እንዳለበት በስሌት ይታያል። በቦዩ ውስጥ 150 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን የመምጠጫ ቁጥሩ 0.05 ቢሆን፣ በመሄድና በመመለስ ጨረሩ 79 በመቶ ያህሉ ይተርፋል። ብሩ 95 በመቶውን ይመልሳል፣ የፕላስቲኩ ገጽ ደግሞ በመግቢያና በመውጫ በድምሩ 10 በመቶ ገደማ ያስቀራል ብለን ብናሰላ የሚቀረው 67 በመቶ ነው። ለሚጻፍበት ሲዲ የተደነገገው ዝቅተኛ ነፀብራቅ 65 በመቶ ስለሆነ ይህ ለጥቂት ያልፋል። የመምጠጫ ቁጥሩ ወደ 0.1 ከፍ ቢል ግን ያው ስሌት 53 በመቶ ይሰጣል፤ ዲስኩም ይህን ድንጋጌ አያሟላም። ስሌቱ በንጣፎቹ መካከል የሚፈጠረውን የሞገዶች መደጋገፍና መጣፋት አላስገባም፤ ለምርጫ ግን በቂ ነው።

ብረቱንና መከላከያውን መደረብ

በአርጎን ጋዝ ውስጥ በሚሠራ የብረት መደረቢያ ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር ብር ወይም ወርቅ ይደረባል። አሉሚኒየም ለታተሙ ዲስኮች ቢስማማም ነፀብራቁ ከብር ያነሰ በመሆኑና ማቅለሚያው በቀነሰው ብርሃን ላይ ሌላ ቅናሽ ስለሚያመጣ እዚህ አይመረጥም። ወርቅ አይዝግም፤ ብር በዋጋ ይረክሳል፣ ነገር ግን ሰልፈር ያለበት አየር ያጠቁረዋል። ለ405 ናኖሜትር ወርቅ ጨርሶ አይሆንም፤ ሰማያዊውን ብርሃን ራሱ ይመጠዋልና። ድርቡ በአንድ ጊዜ ከሚከናወን ይልቅ በመሐል እያረፈ ቢከናወን ማቅለሚያው ከመሞቅ ይድናል።

በላዩም በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚደርቅ አክሪሊክ ላከር ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ተቀብቶ ይደርቃል። መብራቱ ከብረቱ ወገን ብቻ መብራት አለበት፤ ብረቱ ማቅለሚያውን ይጋርደዋል። ላከሩ የብረቱን ዳርቻ አልፎ ፕላስቲኩን ካልጨበጠ እርጥበት በጎን ይገባል፤ ለዚህም የውጨኛው ጠርዝ ማቅለሚያ ከብረት መደረቡ በፊት በአሟሚ በራሰ ጫፍ ተጠርጎ መነሣት ይኖርበታል።

ምልክት መጻፍ

የተሠራው ናሙና በተራ የዲስክ መጻፊያ አይነበብም፤ መጻፊያው ስለ ዲስኩ የሚያውቀው በቦዩ መወዛወዝ ውስጥ ከተቀረጸ መረጃ ነውና። በቤተ ሙከራ የሚሠራው ቆሞ በሚጻፍበት መሣሪያ ነው፦ ናሙናው በሚንቀሳቀስ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ ሌዘሩም በፕላስቲኩ በኩል ገብቶ በማቅለሚያው ላይ ይሰበሰባል። ሌንሱ የፕላስቲኩን ውፍረት፣ ማለትም ለሲዲ 1.2፣ ለዲቪዲ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ታሳቢ ያደረገ ካልሆነ ነጥቡ ይደበዝዛል።

የ780 ናኖሜትር ጨረር ለዓይን ደብዛዛ ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ደካማ ይመስላል፤ ነገር ግን ሬቲናን ያቃጥላል። ለሞገድ ርዝመቱ የተሠራ መነጽር ሳይደረግ ሌዘሩ አይከፈትም።

ሲዲ በመነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.2 ሜትር ስለሚሄድ፣ አንድ ነጥብ ከጨረሩ ሥር የሚቆየው 0.7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ የፍተሻው ሰሌዳ የሚዘጋጀው በዚህ ጊዜ ዙሪያ ነው፦ በአንድ አቅጣጫ የጨረሩ ርዝመት ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮ ሰከንድ፣ በሌላው አቅጣጫ ኃይሉ ከ2 እስከ 12 ሚሊዋት በየአንድ ሚሊዋት እየጨመረ ይሄዳል። ለተለመደው ሲዲ በመነሻ ፍጥነት ከ4 እስከ 8 ሚሊዋት ይበቃል፤ የንባቡ ጨረር ግን ከ1 ሚሊዋት በታች ይሆናል። ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚመለሰው ብርሃን ከጽሕፈቱ በፊትና በኋላ ተመዝግቦ በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ጥሩ ማቅለሚያ ራሱን ይገልጣል፦ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ምንም ለውጥ የለም፣ ከዚያ በኋላ ነፀብራቁ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከመጀመሪያው ሚሊዋት ጀምሮ ዝግ ብሎ የሚወርድ ከሆነ የንባቡም ጨረር በጊዜ ብዛት መረጃውን እንደሚያበላሸው ይጠበቃል። የሁሉም ጊዜ ውጤት ከተመዘገበ በኋላ አንዱን ያልተጻፈበት ቦታ በንባብ ኃይል ለአንድ ሰዓት አብርቶ ማየቱ ለዚሁ ማረጋገጫ ነው።

በጽሕፈቱ ቦታ ነፀብራቁ ሳይወርድ ከቀረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትኩረቱ እንጂ ማቅለሚያው አይደለም። ትኩረቱ ተረጋግጦም ለውጥ ከሌለ የመምጠጫ ቁጥሩ ከ0.03 በታች ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሌዘሩ ላይ ጥቂት ከፍ ያለ መምጠጥ ያለው ሌላ ማቅለሚያ በትንሽ መጠን ማቀላቀል ይሻላል። ኃይሉን እየጨመሩ መሄድ ፕላስቲኩን ያቃጥላል።

እርጅናን መፈተሽ

ቀላሉና ብዙ የሚያስተምረው የብርሃን ፍተሻ ነው። ብረት ያልተደረበበት የመስታወት ናሙና ግማሹ በአሉሚኒየም ወረቀት ተሸፍኖ በዜኖን መብራት ሥር፣ ከሌለም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ ምጠቱም በየቀኑ በሁለቱም በኩል ይለካል። የተሸፈነው ግማሽ እንዳለ ሆኖ የተጋለጠው ከደበዘዘ ጥፋተኛው ብርሃን እንጂ ሙቀት አለመሆኑ ታወቀ። በሲያኒን ላይ ይህ የሚሆነው ማቅለሚያው የመጠጠውን ኃይል ለኦክስጅን ሲያስተላልፍና የተቆጣው ኦክስጅን ተመልሶ የካርቦን ሰንሰለቱን ሲቆርጥ ነው። ይህን ኦክስጅን የሚያበርዱ እንደ ኒኬል ዳይታዮሌት ያሉ የብረት ውሕዶች ከሙሙቱ ጋር ይጨመራሉ፤ ከማቅለሚያው ክብደት 10 በመቶ ጨምሮ መጀመርና ልዩነቱን ከላይ በተገለጸው ዘዴ ማወዳደር ይቻላል። ውሕዱ የራሱ መምጠጥ ስላለው የመምጠጫ ቁጥሩ እንደገና ይሰላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የሙቀትና የእርጥበት ፍተሻው ሙሉ በሙሉ በተደረበው ናሙና ላይ ይካሄዳል። በ80 ዲግሪ ሴልሺየስና በ85 በመቶ እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ናሙናው ተቀምጦ በየሳምንቱ ሲወጣ ነፀብራቁ ይለካል፤ የብሩ ጠርዝም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከአንድ ሙቀት ብቻ ተነሥቶ ይህን ያህል ዓመት ይቆያል ማለት ግን አይቻልም። በ2008 የወጣው፣ የዲስኮችን የማስቀመጫ ዕድሜ መገመቻ የሆነው ዓለም አቀፍ የአይ ኤስ ኦ/አይ ኢ ሲ 10995 ደረጃ ራሱ የተለያየ ሙቀትና እርጥበት ባላቸው በርካታ ሁኔታዎች ፈትሾ፣ ሙቀትና እርጥበት የእርጅናን ፍጥነት እንዴት እንደሚለውጡ በሚያሰላው በኤይሪንግ ቀመር ወደ ተራ የማስቀመጫ ሁኔታ መመለስን ይጠይቃል፤ ሙሉ ዲስክ ለሚሠራ ሰውም መለኪያው ነፀብራቅ ሳይሆን የስሕተት ብዛት ነው፤ ለሲዲ በሰከንድ 220 ስሕተት ያለባቸው ብሎኮች፣ ለዲቪዲ ደግሞ በተከታታይ ስምንት የማረሚያ ብሎኮች ውስጥ 280 ስሕተቶች የመጨረሻው ወሰን ናቸው።

ከእያንዳንዱ የቅብ ዙር ቢያንስ ሁለት ናሙናዎች ሳይፈተሹ በጨለማ፣ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ባለበት ቦታ ቆመው ይቀመጣሉ። በላያቸው ላይ ተለጣፊ ወረቀት አይለጠፍም፤ የሙሙቱ ይዘት፣ የማሽከርከሩ ፍጥነት፣ የክፍሉ እርጥበትና ቀኑ በማስቀመጫው ሣጥን ላይ ይጻፋል፤ ያረጁት ናሙናዎች በሚለኩበት ቀን ሁሉ እነዚህም በዚያው መሣሪያ አብረው ይለካሉ።